የኤ ፕላሱን መጽሐፍ ማን መረጠልህ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ያለ ሰው የእኛን ልጆች አያጣም። አንዱ የኡበሩን አፕ አጥፍቶ፣ ሌላዋ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ እንቅልፏን በወጉ ሳትጠግብ፣ ጠረጴዛ ይዘው ወፍራም መጽሐፍ ላይ አቀርቅረዋል። መጽሐፉን ከሩቅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ኤ ፕላስ ነው፤ ለኮምፒዩተር ጥገናና ድጋፍ ሙያ መግቢያ የሚሆነው ፈተና።

በቅርቡ ከአንዱ ወጣት አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ዓይኔ ሽፋኑ ላይ ካለው ቁጥር ላይ አረፈ። 220-901 ይላል።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይህን መጽሐፍ ማን ሰጠህ?» አልኩት።

«የአክስቴ ልጅ ነው፣ ጋሼ። እሱ ይህንኑ አንብቦ ነው ያለፈው።»

«መቼ ነው ያለፈው?»

ትንሽ አሰበ። «የመጀመሪያ ልጁ ሳይወለድ ነው መሰለኝ።»

ያ የመጀመሪያ ልጁ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ነው። መጽሐፉ የተጻፈለት ፈተና ደግሞ ጁላይ 31 ቀን 2019 ተዘግቷል (ቀኖቹን ሁሉ በዚሁ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ወጣቱ ከሥራ መልስ እንቅልፉን እየሠዋ ሲያጠና የከረመው ማንም ከእንግዲህ ለማይፈትነው ፈተና ነበር።

ሞኝ ነው ልንለው ነው? እኔ አልልም። እዚህ አገር ስንመጣ የምንከራየውን ቤት፣ የምንሄድበትን ሐኪም፣ መኪናችንን የሚያይልንን መካኒክ የመረጥነው በማን ነው? በዘመድና በአገር ልጅ ቃል አይደለም? «እኔ በዚህ ተጠቅሜያለሁ» ያለን ሰው ብዙ ጊዜ አላሳፈረንም። ስለዚህ መጽሐፍም በዚያው መንገድ መምረጣችን አይገርምም። ችግሩ መካኒኩ ከዓመት ዓመት ያው ሰው ሲሆን፣ ፈተናው ግን በየሦስት ዓመቱ ገደማ ቆዳውን መለወጡ ነው።

ኤ ፕላስን የሚያወጣው ኮምፕቲያ የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ ፈተናው የተጀመረው በ1993 ነው። በፊት አንዴ ያለፈ ሰው ዕድሜ ልኩን ባለሙያ ተብሎ ይኖር ነበር። ከ2011 ወዲህ ግን ወረቀቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ማደስ ግድ ነው። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፣ ኮር 1 እና ኮር 2 ይሏቸዋል፤ ሁለቱንም ያላለፈ ኤ ፕላስ የለውም። 901 እና 902 ተዘግተው 1001 እና 1002 መጡ፤ እነሱም ሄደው በ2022 በ1101 እና በ1102 ተተኩ። እነዚህም ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 ተሰናብተዋል። ዛሬ ያለው ከማርች 2025 ጀምሮ የሚሰጠው 220-1201 እና 220-1202 ነው። አንዱን ከአሮጌው፣ ሌላውን ከአዲሱ ወስዶ ማጣመር አይቻልም። ኮር 1ን በአሮጌው ቁጥር አልፎ «ኮር 2ን ረጋ ብዬ» ሲል ቀኑ ያለፈበት ሰው አውቃለሁ። እንደገና ከሀ ጀመረ። የነገረውም ሰው አልነበረም። በሚያነበው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ ግን ማን ሽፋን ያነባል?

አሮጌ መጽሐፍ የሚጎዳው እንዴት ነው? የ901 ዘመን መጽሐፍ ስለ ዊንዶውስ ቪስታና ስለ ዊንዶውስ 7 ብዙ ገጽ ያስተምራል። የዛሬው ፈተና የሚጠይቀው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ዲዲአር 5 የተባለው ሜሞሪ ያኔ አልነበረም፤ ክላውድና ቨርችዋል ማሽንም የዛሬውን ያህል ቦታ አልነበራቸውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ መጽሐፉ የያዘውን ይዞ ቀርቷል፤ ተማሪውም አብሮት ቀረ። እውነቱን ለመናገር ግን አሮጌው ሁሉ ይጣል የምል ሰው አይደለሁም። የሌዘር ፕሪንተር አሠራር፣ የፓወር ሰፕላይ ነገር፣ አይፒ አድራሻ ምን እንደሆነ፣ እነዚህ ዛሬም ያው ናቸው። ቤቱ ትርፍ አሮጌ መጽሐፍ ያለው ሰው መሠረቱን ከሱ ቢማር አልቃወምም። ለፈተና የምዘጋጀው በዚህ ብቻ ነው ሲል ነው የምሟገተው።

ከአሮጌ መጽሐፍ የባሰ ግን አለ። ዳምፕ የሚሉት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ነው ያየሁት። አንዲት እህት ኤ ፕላስ ልትጀምር እንደሆነ ስታወራ፣ ከጎኗ ያለው ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ «መጽሐፍ ምን ያደርግልሻል? ቴሌግራምሽን ክፈቺ» አላት። ወዲያው ፋይል ተላከ። ጥያቄና መልስ ብቻ የታጨቀበት፣ ምክንያት የሌለው፣ መልሱ ኤ፣ መልሱ ሲ እያለ የሚቀጥል። «ይህን ሸምድጂና ግቢ» አላት። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ፊታችን በራ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! ሁለት ሦስት ሰዎችም «ለእኔም ላክልኝ» አሉ።

እስቲ ይህ ፋይል ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። አንድ ሰው ፈተና ክፍል ገባ። ከመጀመሩ በፊት ጥያቄውን ለማንም እንደማያወጣ ተስማምቶ አረጋገጠ። ከወጣ በኋላ ያስታወሰውን ጻፈ፣ ወይም ሸጠ። ከዚያ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ የተሳሳተ መልስ ጨመረበት፣ ሌላው የ1001 ዘመን ጥያቄ ደባለቀበት። በመጨረሻ ከእኛ ቡና ጠረጴዛ ደረሰ። ኮምፕቲያ በዚህ መንገድ መዘጋጀትን ማታለል ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ከደረሰበት ውጤት ይሰርዛል፣ ወረቀቱንም ይነጥቃል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ፈተና ሰርቀው ቢገኙ አንገታችንን የምንደፋ ሰዎች ነን። ታዲያ ይህኛውን ስርቆት ለምን በስሙ አንጠራውም? በአበሻ እጅ ስለተሰጠን ነው? ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስለሆነ ነው?

የችኮላውን መነሻ አላጣሁትም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ እንደሌላው አገር አይደለችም። ፔንታገን አርሊንግተን ነው ያለው፤ ከመከላከያ ጋር የሚሠሩ ኮንትራክተሮችም ከቨርጂኒያ እስከ ሜሪላንድ ተሰልፈዋል። መከላከያ መሥሪያ ቤቱ በ2005 ባወጣው 8570 በሚባለው መመሪያ፣ ኮምፒዩተሮቹን የሚነካ ሠራተኛ ከተዘረዘሩት ሰርተፊኬቶች አንዱን መያዝ አለበት ተባለ፤ ለመጀመሪያው ደረጃ ከሚበቁት አንዱ ኤ ፕላስ ሆነ። ያ መመሪያ ዛሬ 8140 በሚባለው ተተክቷል፤ ልማዱ ግን በቀጣሪው ሁሉ ውስጥ ሰርጿል። እናም ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠራ ለኖረ ሰው፣ ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚያድር አባት፣ ይህ ወረቀት የበር ቁልፍ ሆኖ ይታየዋል። ኪራይ አለ። አገር ቤት የሚጠብቅ እጅ አለ። በሩን ቶሎ ለመክፈት የሚቸኩልን ሰው በምን አፌ እወቅሰዋለሁ? ግን አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት የቸኮለውን ሰው አይተው ነው፤ ያልቸኮለውማ ምክር አያስፈልገውም።

በአንድ ሆስፒታል የኮምፒዩተር ድጋፍ ክፍል የሚሠራ፣ አዲስ ሰው ሲቀጠር ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀመጥ አንድ የአገራችን ሰው አለ። የሚወደው ጥያቄ አንድ ነው። «ነርሷ ደውላ ‹ወረቀቱ ከፕሪንተር ወጥቷል፤ ግን ጽሑፉን በጣቴ ስነካው ይራገፋል› ብትልህ ምን ትጠረጥራለህ?» ይላል። ኤ ፕላስ ያለፈ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም ፈሳሽ አይደለም፤ ደረቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ አቅልጦ በሙቀትና በግፊት የሚያጣብቀው ፊውዘር የሚባለው ክፍል ነው። ጽሑፉ ከተራገፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊውዘሩ ነው። አሠራሩን አንድ ጊዜ የገባው ሰው ጥያቄው በየትኛውም መልክ ቢመጣ አይስተውም። ዳምፕ የሸመደደው ግን «መልሱ ሲ» የሚለውን ነው የያዘው፤ ነርሷ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብላ አትደውልም።

«ወረቀት ይዘው ይመጣሉ» አለኝ ይህ ሰው፤ «የእኛ ልጆች ናቸው፤ አንጀቴ ይበላኛል። ግን ሁለት ሦስቱ ዝም ካሉኝ በኋላ አለቃዬ የሚቀጥለውን የአበሻ ስም ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል። ምን ልበለው?»

ይህን ሲነግረኝ በልቤ ያሰብኩት ሌት ተቀን አጥንተው በትክክል ያለፉትን ነው። የእነሱን ዕድል ማን በላው? ፋይሉን የላከው ደጉ ሰው አይደለም?

የቤት ውስጥ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። እኛ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ። ላፕቶፓቸው አዘገመባቸውና ወረቀት ያለው አንድ ልጅ ተጠርቶ መጣ። ልጁም «ፎርማት ይደረግ» አለና አደረገው። ላፕቶፑ ፈጠነ። ውስጡ የነበሩት የባለቤታቸው ተዝካር ፎቶዎች፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ የላከላቸው፣ አብረው ጠፉ። እኚህ እናት ቀብሩ ላይ መገኘት አልቻሉም ነበር፤ ያላቸው ያ ነበር። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን በዚያው በኤ ፕላስ ትምህርት ውስጥ የችግር አፈታት ስድስት እርምጃዎች የሚባሉ አሉ፤ የመጀመሪያው ባለቤቱን ጠይቅ፣ ምን እንደተለወጠ እወቅ፣ ምንም ከመንካትህ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ያዝ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው መጠርጠር፣ ጥርጣሬን መፈተሽ፣ ማቀድና መሥራት፣ መሥራቱን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም መመዝገብ የሚመጣው። ልጁ ስድስቱን በቅደም ተከተል አስቀምጥ ቢባል ይደርድራቸዋል ብዬ አምናለሁ። ምን ለማለት እንደሆኑ ያስተማረው መጽሐፍ ግን አልነበረውም።

ታዲያ ምን ይመረጥ? ብዙ ሰው ሲጠይቀኝ የመጽሐፍ ስም ይጠብቃል። እኔ ከመጽሐፍ በፊት የምለው አለ። ኮምፕቲያ ራሱ ፈተናው የሚያካትታቸውን ርዕሶች አንድ በአንድ ዘርዝሮ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ይሰጣል። ማንም ሊያወርደው ይችላል። ከየትኛው ክፍል ስንት በመቶ እንደሚመጣም ይናገራል። በአዲሱ ኮር 1 ትልቁን ድርሻ የያዘው የሃርድዌርና የኔትወርክ ችግር አፈታት ነው፤ 28 በመቶ። ሃርድዌር 25፣ ኔትወርክ 23፣ ሞባይል ዕቃዎች 13፣ ቨርችዋልና ክላውድ 11 ናቸው። ኮር 2 ላይ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ሴኩሪቲ እኩል 28 በመቶ ይዘዋል። እንግዲህ ይህን ዝርዝር በእጁ የያዘ ሰው ማንም አያታልለውም። መጽሐፉን ከፍቶ ማውጫውን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። ስለ ሴኩሪቲ አሥር ገጽ ብቻ ያለው መጽሐፍ የኮር 2ን ከሩብ በላይ በአሥር ገጽ ሊያሳልፈው እንደፈለገ ወዲያው ይገባዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይሄ ነው። እስከዛሬ ከጠየቅኳቸው የእኛ ተማሪዎች ግን ይህን ዝርዝር አይተው ከሚያውቁት ይልቅ ዳምፕ ያዩት ይበዛሉ።

ከዚያ ወደ መጽሐፉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሠራው ስሕተት አለ ብዬ አምናለሁ። ወፍራሙን መጽሐፍ እናይና እንደነግጣለን። የማይክ ማየርስ መጽሐፍ ለምሳሌ ከ1000 ገጽ በላይ ነው። «እኔ በእንግሊዝኛ ይህን ሁሉ መቼ እጨርሳለሁ?» እንልና ቀጭኑን፣ ለክለሳ የተዘጋጀውን እንገዛለን። ቀጭኑ ግን የተጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ገጽ ላይ ሃያ ምሕጻረ ቃል ይደረድርና ያልፋል፤ አያብራራም፣ አይደግምም፣ አያጫውትም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይህ ድንጋይ ነው። ወፍራሙ ደግሞ ወፍራም የሆነው ስለሚያወራ ነው። ማየርስ እንደ ጎረቤት ያወራል፣ ይቀልዳል፣ አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ያስረዳል። አንድ ገጽ ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ ከቀጭኑ ያነሰ እንደሆነ የሚገባን ስንጀምረው ነው። የኔ ምክር ለጀማሪ ወፍራሙ፣ ለመጨረሻው ሳምንት ቀጭኑ የሚል ነው። ተቃራኒውን የሚያደርግ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ቴሌግራም ይመለሳል፤ አይቼዋለሁ።

መጽሐፉ የሚያስረዳ መሆኑን ለመለየት ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። የፕሪንተሩን ገጽ ክፈቱ። ሌዘር ፕሪንተር ገጽ ሲያትም የሚያልፍባቸውን ሰባት ደረጃዎች ስማቸውን ብቻ ዘርዝሮ ካለፈ መልሱት። ከበሮው ለምን ኤሌክትሪክ እንደሚሞላ፣ ዱቄቱ ለምን አንዱ ቦታ ላይ ተጣብቆ ሌላው ላይ እንደማይጣበቅ፣ ከዚያም ይህ ክፍል ሲበላሽ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚታይ የሚናገር ከሆነ ያዙት።

ገንዘብ የሌለውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። ፕሮፌሰር ሜሰር የሚባለው አስተማሪ ትምህርቱን በሙሉ፣ የኮምፕቲያን ዝርዝር ተራ በተራ እየተከተለ፣ በቪዲዮ በነፃ አስቀምጦታል። አጫጭር ናቸው፤ አውቶቡስ ላይ ይታያሉ። በአማርኛ የሚያስተምሩ ወገኖችም በዩቲዩብ አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከሐሳቡ ጋር መተዋወቁ በአማርኛ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። ግን ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ ስለዚህ የሐሳቡን ስም በእንግሊዝኛ ያልያዘ ሰው የሚያውቀውን ጥያቄ እንኳ ሲያገኘው አይለየውም።

ደግሞ ሁሉም ጥያቄ ምርጫ አይደለም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ የሚመጡ የተግባር ጥያቄዎች አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ዕቃ እየጎተቱ ቦታው ላይ ማድረግ፣ ትዕዛዝ መጻፍ፣ ዋይፋይ ማስተካከል የመሳሰለ። ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፤ እነዚህ ላይ ደንዝዞ ግማሽ ሰዓት ያባከነ ሰው የቀረው ያመልጠዋል። ለዚህ የሚጠቅመው መጽሐፍ ዕቃ ክፈት የሚል መጽሐፍ ነው። ጎረቤቴ፣ ሁለት ልጆች ያሏት የሌሊት ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤቷ ሊጥለው የነበረ ዴስክቶፕ ለምና አምጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በተነችው። ባሏ «ቤቱን ጋራዥ አደረግሽው» እያለ አጉረመረመ። ሜሞሪውን ነቅላ ስትመልስ ትንሹ ልጇ ጎን ቆሞ ያያል። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለና ጮኸ፤ ሜሞሪው ቀጥ ብሎ አልገባም ነበር። ያንን ጩኸት ሰምቶ ራሱ ያስተካከለ ሰው ጥያቄውን ለማስታወስ ሽምደዳ ያስፈልገዋል?

የመለማመጃ ፈተናዎችም ነገር አለ። አንዱን የመለማመጃ ፈተና ደጋግሞ ሠርቶ 95 በመቶ ያመጣ ሰው ፈተናውን ሳይሆን ያንን ፋይል ነው የተማረው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ ማለፊያው ለኮር 1 675፣ ለኮር 2 700 ነው፣ ከ100 እስከ 900 ባለ መለኪያ። ይህ ነጥብ የመቶኛ ስሌት አይደለም፤ ስለዚህ «ቤት 75 አምጥቻለሁ፣ ይበቃኛል» ማለት አያዋጣም። ጥሩ መለማመጃ የሚባለው ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ የሚያስረዳው ነው። ክፍያውም ለአንዱ ፈተና እዚህ አገር ከ250 ዶላር በላይ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ሁለት ነው፤ የወደቀ እንደገና ሙሉውን ይከፍላል። ሁለተኛውን ሙከራ ወዲያው መውሰድ ይቻላል፤ ለሦስተኛው 14 ቀን መጠበቅ አለ። ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜ አገር ቤት ከሚላከው ላይ ነው።

ስለ ቅዳሜ ትምህርት ቤቶችም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በየአዳራሹ ተከራይተው ኤ ፕላስ የሚያስተምሩ ወገኖቻችን አሉ። ከነሱ ውስጥ ኮምፒዩተር በትኖ፣ ተማሪውን እጁን አቆሽሾ የሚያስተምር አይቻለሁ፤ አክብሮቴ ትልቅ ነው። ብዙ ገንዘብ አስከፍሎ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ አድሎ «ይህ ከፈተናው ነው» የሚልም አይቻለሁ። ጥራዙ መጀመሪያ ገጽ የለውም፤ የማን መጽሐፍ እንደሆነ፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ አይታወቅም። ተማሪው ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የትኛውን ፈተና ነው የምታስተምሩት፣ መጽሐፉ የማን ነው፣ የሚከፈት ማሽን አላችሁ ወይ? በትሕትና ይጠየቅ። አስተማሪን መጠየቅ ነውር የሚመስለን ከልጅነታችን የያዝነው ጠባይ ነው፤ ዶላር ሲከፈል ግን ይህ ጠባይ ትንሽ ላላ ቢል ጥሩ ነው።

የሚከፈት ማሽን ካልኩ ዘንድ፣ እኔ በምሳተፍበት አንድ ማኅበር ምድር ቤት ውስጥ ለዓመታት በስጦታ የመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ አይሠሩም፤ ለተማሪ እንዲያውም የማይሠራው ይሻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ለኤ ፕላስ ተማሪዎች ይፈቱ፣ አጠገባቸውም የአዲሱ ቁጥር አንድ ሁለት መጽሐፍ ይቀመጥ ብዬ ለኮሚቴው አመለከትኩ። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው ተባለ፤ ኮሚቴው ይወያይበታል ተባለ። 1001 ፈተና ላይ በነበረ ጊዜ ነው ያመለከትኩት፤ 1101 መጥቶ ሄደ፣ ኮሚቴው አሁንም እየተወያየ ነው።